ያልተጠየቀች መበለት

ባለፈው ክረምት አንድ የቆየ ፊልም በስልኬ አየሁ። ድምፅ የለውም፤ ሰዎቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ የሚሉት ነገር ግን በጽሑፍ ነው የሚመጣው። ስሙ «ኖስፌራቱ» ይባላል። ጀርመኖች ሠርተው በርሊን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳዩት በ1922 ነው። (ስለ ፊልሙ ሳወራ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሚተርከው ስለ አንድ ደም መጣጭ ባላባት ነው። «እንዲህ ያለ ነገር የወጣቶች መጽሔት ላይ ምን ይሠራል?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔም የእናንተው ቤት ሰው ነኝና ጥያቄውን አስቀድሜ ለራሴ አቅርቤዋለሁ።

ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ፊልሙ ስለሚያስፈራ አይደለም። እውነቱን ለመናገር የዛሬን ዓይን ያን ያህል አያስፈራም። የጻፍኩት አንድ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። በ1925 የበርሊን ፍርድ ቤት ይህ ፊልም ከነቅጂዎቹ ሁሉ እንዲጠፋ ወስኖ ነበር። ውሳኔው ቢፈጸም ኖሮ እኔ አላየውም ነበር። ውሳኔው ደግሞ ያለ ምክንያት የተሰጠ አይደለም፤ ከሳሿ እውነት ነበራቸው። እኔ ግን ፊልሙን በማየቴ ደስ ብሎኛል። ያልወደድኩት ይህንን ደስታዬን ነው። የማላውቃት አንዲት መበለት ፍርዷን ባለማግኘቷ እኔ ተጠቅሜያለሁ ማለት ነዋ!

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጊዜው 1838 ነው፤ ቦታው ቪስቦርግ የምትባል፣ በምናብ የተፈጠረች የጀርመን የወደብ ከተማ። ሁተር የሚባል ደስተኛ ወጣት በቤት አሻሻጭ ዘንድ ተቀጥሮ ይሠራል። አለቃው አንድ ቀን ይጠራውና በሩቅ ተራራማ አገር የሚኖር ኦርሎክ የሚባል ባላባት በከተማችን ቤት መግዛት ይፈልጋልና ሄደህ አዋውለው ይለዋል። ሁተር ወጣት ሚስቱን ኤለንን ለወዳጆቹ አደራ ሰጥቶ ይነሳል። በመንገድ ያደረበት ቤት ያገኛቸው ገበሬዎች የባላባቱን ስም ሲሰሙ ይደነግጣሉ። እሱ ይስቃል። ግንቡ ሲደርስ ኦርሎክ ራሱ ይቀበለዋል፤ ራት ላይ ሁተር ዳቦ ሲቆርጥ ጣቱን ይቆርጣል፤ ባላባቱም ደሙን ሲያይ መቀመጥ ያቅተዋል።

ኦርሎክን የሚጫወተው ማክስ ሽሬክ የሚባል ተዋናይ ነው። ራሱ መላጣ፣ ጆሮው ሹል፣ የፊት ጥርሱ እንደ አይጥ ጥርስ የወጣ፣ ጣቶቹ ረጃጅም። ሲራመድ እጆቹን ከጎኑ አጣብቆ ነው። ዳይሬክተሩ ሙርናው ግን ከሰውየው ይልቅ ጥላውን ያሳየናል። ደረጃውን የሚወጣው ጥላ ነው፤ የበሩን እጀታ የሚፈልገው ጥላ ነው። ሌሊቱም እውነተኛ ሌሊት አይደለም። በቀን ብርሃን ቀርጸው ፊልሙን ሰማያዊ በመንከር ነው ያጨለሙት። ሠረገላው በጫካ ውስጥ ሲያልፍ ደግሞ ኔጋቲቩን እንዳለ ስላስገቡት ዛፎቹ ነጭ፣ ሰማዩ ጥቁር ሆኖ ይታያል። መቶ ዓመት ያለፈው ብልሃት ነው፤ እኔ ግን አሁንም ያቺን ሠረገላ አልረሳትም።

ኦርሎክ ቤቱን ይገዛል። አፈር የሞሉ የሬሳ ሣጥኖቹን በመርከብ ጭኖ ይጓዛል። ከሣጥኖቹ ውስጥ አይጦች ይወጣሉ፤ መርከበኞቹ አንድ በአንድ ያልቃሉ። መርከቧ ያለ ነጂ ወደብ ስትገባ ወረርሽኝ ወደ ከተማዋ ይገባል። ኤለን በመስኮቷ ሆና ከታች በጠባቡ መንገድ የሬሳ ሣጥን የተሸከሙ ሰዎች በሰልፍ ሲያልፉ ታያለች። የመጨረሻውን ኋላ እመለስበታለሁ፤ ዋናው ነገሬ እዚያ ነውና።

አሁን ወደ ስርቆቱ እንምጣ። ድራኩላ የሚለውን ስም ሰምታችሁ ከሆነ፣ ከላይ የተረክሁት ታሪክ የማን እንደሆነ ገብቷችኋል። «ድራኩላ» የአየርላንዱ ተወላጅ ብራም ስቶከር የጻፉት ልብ ወለድ ነው፤ በ1897 ታተመ። ደራሲው በ1912 ሞቱ። ፊልሙን የሠራው ፕራና ፊልም የሚባል አዲስ ኩባንያ ከደራሲው ቤተሰብ ፈቃድ አልጠየቀም፤ አንድ ሳንቲምም አልከፈለም። ስሞቹን ግን ለወጠ። ድራኩላ ኦርሎክ ሆነ፣ ሃርከር የሚባለው ወጣት ሁተር ሆነ፣ ሚና ኤለን ሆነች፣ ለንደን ቪስቦርግ ሆነች። የሚገርመው ግን ይህንን ሁሉ ለውጠው ሲያበቁ በፊልሙ መክፈቻ ላይ ታሪኩ ከብራም ስቶከር «ድራኩላ» የተወሰደ መሆኑን በግልጽ መጻፋቸው ነው። ስሙን አክብረው ጻፉ፤ ክፍያውን ግን ተዉት።

በዚህ ስቄባቸው ነበር። ወዲያው ግን ሳቄ ተቋረጠ፤ ለምን እንደሆነ ጥቂት ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ፕራና ገንዘብ አልነበረውም እንዳንል ማስታወቂያውን በሰፊው ነው ያስነገረው። መጋቢት 4 ቀን 1922 ፊልሙ በበርሊን የእንስሳት መካነ ሕይወት የእብነ በረድ አዳራሽ ሲመረቅ ትልቅ ግብዣ አደረገ። ዝግጅቱ «የኖስፌራቱ በዓል» ተባለ። እንግዶቹ በፊልሙ ዘመን ፋሽን፣ ማለት በቅድመ አያቶቻቸው አለባበስ ተውበው እንዲመጡ ተጠሩ። ጭፈራም ነበረ። በዚያን ጊዜ የደራሲው ባለቤት ወይዘሮ ፍሎረንስ ስቶከር ለንደን ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ባላቸው ከተዉላቸው ሥራዎች ገቢ ያመጣ የነበረው በዋናነት ያ መጽሐፍ ነው። ወደ በዓሉ ማንም አልጠራቸውም። ስለ ፊልሙ የሰሙት ከበርሊን በደረሳቸው ወረቀት ነው።

ወይዘሮዋ ዝም ብለው አልተቀመጡም። የእንግሊዝ ደራስያን ማኅበር አባል ሆኑና ማኅበሩ እንዲሟገትላቸው ጠየቁ። በመጀመሪያ የጠየቁት ካሳ ነበር። ነገር ግን ኩባንያው ሌላ አንድ ፊልም እንኳ ሳይሠራ ከሰረ። ከባዶ ካዝና ምን ይወጣል? ጉዳዩ ዓመታት ከፈጀ በኋላ ወይዘሮዋ ገንዘቡ ካልተገኘ ፊልሙ ይጥፋልኝ አሉ። ፍርድ ቤቱም ተስማማ። ነገር ግን ቅጂዎቹ ቀድመው ወደ ሌሎች አገሮች ተሽጠው ነበር። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። በ1928 ለንደን ውስጥ፣ በራሳቸው ከተማ፣ ፊልሙ ታየ፤ በ1929 ደግሞ ኒው ዮርክ ደረሰ። ወይዘሮ ፍሎረንስ በ1937 አረፉ። ዛሬ የፊልም ታሪክ የሚያጠኑ ሁሉ «ኖስፌራቱን» ከታላላቆቹ ድምፅ አልባ ፊልሞች ጋር ይቆጥሩታል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ያለ አግባብ የተወሰደ ነገር መልካም ፍሬ ቢያፈራ፣ ፍሬው መውሰዱን ያጸድቀዋል ወይ? «አያጸድቀውም» ብላችሁ በአንድ ቃል እንደምትመልሱልኝ አውቃለሁ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መልስ ነው፣ ትክክልም ነው። ግን ቆዩ። ያ መልስ የሚጠይቀንን ዋጋ አስተውለናል? ፍሬው ካላጸደቀው፣ የዚያን ፍርድ ቤት ውሳኔ ተቀብለን «አዎ፣ ቢጠፋ ይሻል ነበር» ማለት ሊኖርብን ነው? እኔ ይህን ማለት አልቻልኩም።

አሁን ለምን ሳቄ እንደተቋረጠ ልንገራችሁ።

የካሴት ዘመን ነበር። እኔ በአንድ የወጣቶች ኅብረት ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ለአገልግሎት ወደ ገጠር ልንወጣ አሰብን፤ የመኪና ኪራይ አጣን። ከመካከላችን አንዱ መላ አመጣ። በዚያ ዓመት ሁላችን የምንወደው አንድ ዘማሪ አዲስ ካሴት አውጥቶ ነበር። አንዱን ገዛን። ባዶ ካሴቶች በጅምላ አመጣን። ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ከጎረቤት ተውሰን ሌሊቱን በፈረቃ እየተቀባበልን ስልሳ ቅጂ አወጣን። ሽፋኑን በፎቶ ኮፒ አባዛነው። እኔ ጽሕፈቴ ያምራል ይባል ስለነበር የዘማሪውን ስም በእያንዳንዱ ሽፋን ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ አደመቅሁት። ስልሳ ጊዜ ስሙን ጻፍኩ። አንዴም እንኳ «ይህን ሰው እንጠይቀው ወይ?» አላልኩም። እንደ ፕራና ሰዎች ስሙን አክብሬ ጻፍኩ፤ ክፍያውን ግን ተውኩት።

ገጠር ሄድን። መልካም ጉዞ ነበር። በዚያ ጉዞ ሕይወታቸው የተለወጠ ሰዎች አሉ፤ አንዱ ዛሬ በዚያው አካባቢ ያገለግላል። ስለዚህ ፍሬውን አልክደውም። ብክድ ውሸት እናገራለሁ።

በዚያን ጊዜ ኅሊናችን ያልወቀሰን ለምን ነበር? አንደኛው ምክንያት «ለጌታ ሥራ ነው» የሚለው ቃላችን ነበር። በዚህ ቃል ስንት ነገር እንሸፍናለን! ሌላው ምክንያት ግን የባሰ ስውር ነው። የወሰድነው ነገር ከዘማሪው እጅ አልጎደለም። ካሴቱ ያው እሱ ዘንድ አለ። ላም ብንወስድበት ኖሮ በረቱ ባዶ ይሆን ነበር፤ መዝሙር ግን ቢወሰድም በቦታው ይገኛል። እናንተም ዛሬ በቴሌግራም አንድ ሙሉ አልበም ለሁለት መቶ ሰው ስትልኩ ጣታችሁ የማይንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አገራችን ስለዚህ ጉዳይ ሕግ አላት፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል፣ በእኛ አቆጣጠር ነው ቁጥሩ። ሕጉን ግን ለማስፈራሪያ አላነሳሁትም። እኔን የቸገረኝ ከሕጉ በፊት ያለው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር። መዋዋስ ሁሉ ስርቆት አይደለም። ብራም ስቶከርም ቢሆኑ ደም መጣጭን ከራሳቸው አልፈጠሩም፤ በምሥራቅ አውሮፓ ባላገሮች ዘንድ ሲነገር የኖረ ነገር ነው። ድራኩላ የሚለውን ስምም ያገኙት ስለዚያ አገር ከተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ነው። የፕራና ሰዎችም በበኩላቸው አዲስ ነገር ጨምረዋል። በልብ ወለዱ ውስጥ ድራኩላ በቀን ይንቀሳቀሳል፤ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ ፀሐይ አትገድለውም። የሚሞተውም በጩቤ ነው። የንጋት ብርሃን ሲነካው የሚጠፋ ደም መጣጭ ከዚህ ፊልም የወጣ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ፊልሞች ደግሞ ይህንኑ ሳይጠይቁ ወሰዱት። ወሳጁም ተወሰደበት እንበል? እንግዲህ የሁሉ ከሆነው መውሰድና አንዲት ሴት ከምትተዳደርበት መውሰድ የሚለያዩበት መስመር አንዳንዴ ቀጭን ነው። የእኛ ዜማዎችም ከየት እንደመጡ ብትመረምሩ እረኛው ሲያንጎራጉረው የነበረ ብዙ ታገኛላችሁ። ነገር ግን መስመሩ ቀጭን ስለሆነ የለም ማለት አይደለም። ፕራና መስመሩን እንዳለፈ ያውቅ ነበር። ባያውቅ ስሞቹን ለምን ለወጠ?

ወደ ፊልሙ መጨረሻ ልመለስ ብያችሁ ነበር።

ሁተር ከባላባቱ ግንብ አምልጦ ቤቱ ሲገባ ስለ ደም መጣጮች የተጻፈ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ይዞ ነው። ሚስቱን እንዳታነበው ይከለክላታል። ኤለን ታነበዋለች። መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነው፤ ደም መጣጩ የሚሸነፈው ንጹሕ ልብ ያላት ሴት ሳትገደድ፣ በራሷ ፈቃድ ደሟን ሰጥታ ዶሮ እስኪጮህ ድረስ ካቆየችው ብቻ ነው። ኤለን ባሏ ሐኪም ሊጠራ ሲወጣ መስኮቷን በገዛ እጇ ትከፍታለች። ጥላው ደረጃውን ይወጣል። ዶሮ ይጮኻል፤ ብርሃን ይገባል፤ ኦርሎክ እንደ ጢስ ይጠፋል። ኤለንም በባሏ እቅፍ ትሞታለች። ከተማዋ ትድናለች።

የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ሐሳቡ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ የእኔም ሄዷል። እዚያ አልቆይም። እኔን ያቆመኝ «ሳትገደድ» የሚለው ነው። አስቡት፤ በፊልሙ ሁሉ ውስጥ ኦርሎክ ደም ሲወስድ ነው የቆየው። ከሁተር ወሰደ፣ ከመርከበኞቹ ወሰደ፣ ከከተማው ወሰደ፤ አልጠገበም፣ አልተሸነፈምም። በመጨረሻ የወሰደውም ያው ደም ነው፤ ቀለሙም ጣዕሙም አልተለየም። የተለየው መሰጠቱ ነው። ያን የመጨረሻውን ደም ሌላ ነገር ያደረገው የኤለን ፈቃድ ብቻ ነው። ይህን የሚተርከው ፊልም ራሱ ደግሞ ሳይሰጡት የወሰደ ነው።

ሌላም ምፀት አለ። ኦርሎክ ወደ ከተማዋ የገባው በውል ነው። ሁተር የኤለንን ትንሽ ሥዕል ከጠረጴዛው ላይ ሲጥል ባላባቱ ያነሳዋል፣ አንገቷን ያደንቃል፣ ወዲያው የቤቱን ሽያጭ ውል ይፈርማል። ደም መጣጩ እንኳ ቤት ሲገዛ ፈረመ! ፈጣሪዎቹ ግን አንዲት መስመር ደብዳቤ ለለንደን አልጻፉም።

ቢጽፉስ ኖሮ? ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ወይዘሮ ፍሎረንስ ለሁሉም በር የዘጉ ሴት አልነበሩም። በ1924 «ድራኩላ» በእንግሊዝ ቴአትር እንዲሠራ ፈቅደዋል። በኋላም አንድ የአሜሪካ ኩባንያ መብቱን ገዝቷቸው በ1931 የወጣውን ድምፅ ያለውን ፊልም ሠርቷል። እንግዲህ በዋጋ የሚገኝ ነገር ነበር። የበዓሉ ወጪ ቢቀነስ ምናልባት ይበቃ ነበር፤ ያን ያህል እንደሚጠይቁ ግን በእርግጠኝነት አልናገርም። እንቢ ይሉም ይሆናል። እንቢ ካሉ «ኖስፌራቱ» አይኖርም ነበር፤ ጥላውም፣ ያቺ ነጭ ዛፎች መካከል የምታልፈው ሠረገላም። ይህን ዋጋ እከፍላለሁ ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ አዎ ለማለት አፌ ይተሳሰራል። ግን አዎ ነው መልሱ። ፈቃድ ማለት እንቢ ሊባል የሚችል ነገር ነው። እንቢታን የማይጨምር ጥያቄ ማስታወቂያ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም።

ቢጠፋ ይሻል ነበር ወይ ለሚለው ግን መልሴ የተለየ ነው። ማጥፋቱ ለመበለቲቱ ምን ይመልስላቸዋል? አንድም ሳንቲም አይመልስም። ባላቸውን የናቀውን ሥራ ከዓይናቸው ያርቅላቸዋል፤ ይህም ለተበደለ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፣ አልፈርድባቸውም። ዕዳው ግን ፊልሙ ቢቃጠልም ባይቃጠልም እዚያው ነው። እኛ የምንሳሳተው ሁለቱን ስለምናቀላቅል ነው። ነገሩ ጥሩ ሆኖ ሲወጣ ዕዳው የተከፈለ ይመስለናል፤ ዕዳው እንዳለ ሲነገረን ደግሞ ጥሩውን እንድናቃጥል የታዘዝን ይመስለናል። ጉዟችን ጥሩ ነበር። የስልሳ ካሴት ዕዳም ነበረብን። ሁለቱም ነበሩ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ያን ዘማሪ ለቅሶ ቤት አገኘኋቸው። ጸጉራቸው ነጭቷል፤ መዝሙር ካወጡ ቆይተዋል። ከድንኳኑ ስንወጣ «ጋሼ፣ አንድ የምነግርዎት ነገር አለኝ» ብዬ ወደ አንድ ሻይ ቤት ወሰድኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቴፑን፣ ሌሊቱን፣ ሰማያዊውን እስክሪብቶ። በመጀመሪያ ሳቁ።

«ስንት ቅጂ አወጣችሁ?» አሉኝ።

«ስልሳ።»

ሳቃቸው ቆመ። ጥቂት ዝም ብለው ሲኒያቸውን በሣህኑ ላይ አዞሩት። ካሴቱን ያሳተሙት በብድር እንደነበረና ብድሩን ለመክፈል ሦስት ዓመት እንደፈጀባቸው ነገሩኝ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እንደማንኛውም ያለፈ ነገር ነው ያወሩት። ቀጥሎ ያሉት ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ብትጠይቁኝ ኖሮ እኮ ካሴቶቹን ራሴ ይዤ እመጣ ነበር። አብሬያችሁም እሄድ ነበር።»

የወሰድነው ገንዘብ ብቻ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ሰውየው ሊሰጡ የሚችሉትን ነገር ስለወሰድንባቸው፣ መስጠታቸውን ነው የወሰድንባቸው። በዚያ ጉዞ እሳቸው ሊኖሩ ይችሉ ነበር። ገጠር ሜዳ ላይ ቆመው ሲዘምሩ የሚሰማቸው ሰው ይኖር ነበር፤ ሕይወቱ ከተለወጠው ሰው ጋር እጅ ይጨባበጡ ነበር። እኛ ድምፃቸውን በሣጥን ይዘን ሄድን፣ እሳቸውን ቤት ትተን። ወይዘሮ ፍሎረንስም የባላቸውን ታሪክ በዚያ የእብነ በረድ አዳራሽ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊያዩት ይችሉ እንደነበር ያሰብኩት ያን ዕለት ነው። ለእሳቸው አሁን የሚደረግ ነገር የለም።

ፖስታ አዘጋጅቼ ነበር። ስሌቱን አትጠይቁኝ፤ የዚያን ጊዜ ብርና የዛሬ ብር እንዴት እንደሚመዛዘን የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ሦስት ሺህ ብር አድርጌዋለሁ። እምቢ ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሰዎች በእንዲህ ያለ ቦታ «ተወው፣ ይቅር ብዬሃለሁ» ማለት ይወዳሉ። እሳቸው ግን ፖስታውን ተቀብለው ከፈቱት። አፍንጫዬ ሥር ቆጠሩት። ደግመው ቆጠሩት። በደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ አስተናጋጇን ጠርተው ሒሳብ ስንት እንደሆነ ጠየቋት። እኔ ኪሴ ስገባ እጄን ያዙኝ። ከፖስታው አንድ ኖት መዘው ሰጧት።

«ይህን እኔ ነኝ የጋበዝኩህ» አሉኝ።